ለራስ ጥብቅ፣ ለሌላው ቻይ፦ የዶክተር ጆን ፖስቴል ሕይወትና ሕግ

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣ ጎረቤት ወረዳዎች አንዷ በሆነችው በጋዝጊብላ፣ ኽምጣናና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በገበያ ቀን ሻጭ በአንዱ ቋንቋ የጀመረውን ገዥ በሌላው ቢመልስለት፣ አነጋገሩም ያልጠራ ቢሆን፣ ሰሚው ከድምፁ አልፎ ሐሳቡን ይይዝለታል፤ ግብይቱም አይቋረጥም። ዋጋው ሲጠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተናጋሪው ቁጥሩን አጥርቶ፣ አስፈላጊም ሲሆን በጣቱ አሳይቶ ይናገራል። የሰው ልጅ መግባባት የጸናው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ሲናገሩ መጠንቀቅ፣ ሲሰሙ መቻል። ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ በተደረገበት ዘመን ይህንኑ ጥንታዊ ልማድ የሙያ ሕግ አድርገው የጻፉት አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶክተር ጆን ፖስቴል ናቸው።

የሶፍትዌር ሥራ ዕድሜው አጭር ቢሆንም በአባባል የበለጸገ ሙያ ነው። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የዚያኑ ድርጅት የውስጥ መገናኛ መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስተዋሉ። ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዘገየን የሶፍትዌር ሥራ ሰው በመጨመር ለማፋጠን መሞከር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስተማሩ። እነዚህና የመሳሰሉት አባባሎች ሥራው በሠሪው እጅ ሳለ ስለሚደርስበት ነገር ይናገራሉ። የፖስቴል ሕግ ግን ሠሪው ፈጽሞ ለማያየውና ለማያውቀው ሰው ስላለበት ግዴታ ይናገራል። ስለዚህም ከሙያ ሕግነቱ ባሻገር የምግባር መልክ አለው። የባለቤቱም ሕይወት የሕጉ ማብራሪያ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆናታን ብሩስ ፖስቴል ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ግዛት በአልታዲና ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቫን ናይስ ተከታተሉ። ኋላ በኢንተርኔት አመሠራረት ስማቸው የገነነው ቪንተን ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ፖስቴል ከዚያ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1966 በምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1974 ደግሞ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ የሚመሩት የኔትዎርክ መለኪያ ማዕከል ነበር። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገንዘብ የተዘረጋው አርፓኔት የተባለው መረብ የመጀመሪያ ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ምሽት ከዚህ ማዕከል ወደ ስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፣ ከአምስቱ ፊደላት ሁለቱ ብቻ እንደ ደረሱ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር ሥራውን አቋረጠ። መልእክቱ ሙሉ ሆኖ ያለፈው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር። ፖስቴል በማዕከሉ ከሚሠሩት ወጣት ተመራማሪዎች አንዱ ነበሩ። መረቡ ሥራውን በመሰናከል መጀመሩ ትምህርት ነበረው፤ ሁለቱ ወገኖች ያልተጠበቀን ነገር መቋቋም ካልቻሉ የሚያገናኛቸው ሽቦ ብቻውን የሚፈይደው ነገር የለም።

በዚያው ዓመት በአፕሪል ስቲቭ ክሮከር ስለ መረቡ አሠራር የባልደረቦቻቸውን ሐሳብ በጽሑፍ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። ወጣቶቹ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበራቸውምና ጽሑፎቹን ደንብ ብለው አልጠሯቸውም፤ አስተያየት የሚጠየቅባቸው ጽሑፎች ብለው ሰየሟቸው። በእንግሊዝኛው አጠራር በምሕጻር አር.ኤፍ.ሲ. ይባላሉ። የእነዚህ ጽሑፎች አዘጋጅ የሆኑት ፖስቴል ናቸው፤ ይህንንም ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ 28 ዓመት ያህል፣ ተሸከሙት።

የአዘጋጅነት ሥራ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ታላቅ ነገር አይመስልም። የሌላውን ሰው ጽሑፍ ማንበብ፣ የተድበሰበሰውን ማስጠራት፣ ያልተስማማውን ማስማማት፣ ቁጥር ሰጥቶ ማውጣት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮቶኮል፣ ይኸውም ኮምፒዩተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ፣ አስቀድሞ የሚኖረው በወረቀት ላይ ነው። በተለያየ አገር ያሉ መሐንዲሶች አንዱን ሰነድ አንብበው፣ ሳይተያዩና ሳይጠያየቁ የሠሯቸው ፕሮግራሞች ሊግባቡ የሚችሉት ሰነዱ አንድ ትርጉም ብቻ ሲኖረው ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የቀረች ጥርጣሬ በሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ ስሕተት ሆና ትወጣለች። ፖስቴል ይህን ስለሚያውቁ ለብዕር ጥራት የነበራቸው ጥንቃቄ ለምሕንድስናው ከነበራቸው ጥንቃቄ አይለይም ነበር።

ከጽሑፎቹ ጋር ሌላ ሥራም ተከትሎ መጣ። በመረቡ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ አገልግሎት፣ እያንዳንዱ ፕሮቶኮል፣ እያንዳንዱም አድራሻ መለያ ቁጥር ያሻዋል። አንድ ቁጥር ለሁለት ነገሮች ከተሰጠ መልእክቱ ወዳልታሰበበት ይሄዳል። ስለዚህ የትኛው ቁጥር ለማን እንደ ተሰጠ የሚጽፍ አንድ ሰው መኖር ነበረበት። ያ ሰው ፖስቴል ሆኑ። በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በማሪና ዴል ሬይ ወደሚገኘው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲዛወሩ መዝገቡም አብሯቸው ሄደ፤ ባልደረባቸው ጆይስ ሬይኖልድስም ለብዙ ዓመታት በሥራው አገዟቸው። ኋላ ይህ የመዝገብ ሥራ የኢንተርኔት ቁጥሮች መዳቢ ባለሥልጣን የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ሰምቶ ታላቅ ሕንፃና ብዙ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት የሚያስብ ሰው፣ ጺማቸውን ያሳደጉና ሰንደል ጫማ የሚያዘወትሩ አንድ ተመራማሪ ከጥቂት ባልደረቦች ጋር የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ሲያውቅ መገረሙ አይቀርም ነበር።

በስማቸው የሚጠራው ሕግ በጽሑፍ የወጣው በጃንዋሪ 1980 ነው። ቲ.ሲ.ፒ. እና አይ.ፒ. የተባሉት ሁለት ፕሮቶኮሎች በዚያ ወር በሰነድ ሲወጡ፣ የአዘጋጅነቱን ብዕር የያዙት ፖስቴል ጥቂት መስመር ብቻ ያላት ምክር አስገቡባቸው። ምክሪቱ በሴፕቴምበር 1981 በወጣው የቲ.ሲ.ፒ. ሰነድም ተደገመች፤ ያም ሰነድ በ2022 በአዲስ እስኪተካ ድረስ አርባ ዓመት ያህል የኢንተርኔት መሠረት ሆኖ አገልግሏል። ሐሳቡ ሲብራራ፣ አንድ ፕሮግራም የሚልከው ነገር ሁሉ ከደንቡ ዝንፍ የማይል ይሁን፤ ከሌላ የሚመጣለትን ግን፣ ትርጉሙ እስከ ተያዘ ድረስ፣ በጥቃቅን ጉድለት ምክንያት አይመልሰው ማለት ነው።

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው በዘመኑ የነበረውን ሁኔታ ለሚያስታውስ ሰው ነው። በመረቡ ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራዎች ነበሩ፤ የቃላቸው ርዝመት፣ የፊደል አያያዛቸውና የፕሮግራም ቋንቋቸው አይገጥምም ነበር። ደንቡን የሚያነብ መሐንዲስ ሁሉ ደግሞ በራሱ ማስተዋል ይተረጉመዋል። እያንዳንዱ ወገን በሌላው ላይ ሙሉ ትክክለኛነትን ቢጠይቅ መረቡ ገና በጨቅላነቱ በተቆራረጠ ነበር። እያንዳንዱ ወገን እንዳሻው ቢልክ ደግሞ ደንብ የሚባል ነገር ባልቀረ ነበር። የፖስቴል ሕግ በእነዚህ በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለች ቀጭን መንገድ ናት። መንገዲቱም ተሄደባት። አርፓኔት ከቀድሞው ፕሮቶኮል ወደ ቲ.ሲ.ፒ. እና አይ.ፒ. የሚሻገርበትን ዕቅድ በኖቬምበር 1981 የጻፉት ራሳቸው ፖስቴል ሲሆኑ፣ ሽግግሩ በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ተፈጸመ። የኢሜይል መላኪያውን ደንብ በኦገስት 1982 የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ በዚያው ኢንስቲትዩት ሳሉ ኮምፒዩተሮች ከቁጥር ይልቅ በስም የሚጠሩበትን ሥርዓት ነደፉ። ከዚህም ለእያንዳንዱ አገር የሚሰጥ የሁለት ፊደል ስም መጣ። እዚህ ላይ የፖስቴል ጥንቃቄ ከምሕንድስና አልፎ ወደ መንግሥታት ጉዳይ ደረሰ። አገር የሚባለው የትኛው ነው የሚለውን ጥያቄ አንድ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ሊመልሰው አይገባም። ፖስቴልም አልመለሱትም፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውን የአገሮች ምሕጻር ዝርዝር ወስደው፣ በዚያ ያለው ሁሉ ይሰጠዋል፣ የሌለው አይሰጠውም አሉ። በማርች 1994 ባወጡት ሰነድም የአገር ስም የሚያስተዳድር ሰው የስሙ ባለቤት አለመሆኑን፣ ለሕዝቡና ለመላው የኢንተርኔት ማኅበረሰብ የተቀመጠ ባለአደራ መሆኑን፣ ስለ መብት ከማውራት ይልቅ ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ማሰብ እንደሚገባው አስረዱ።

ኢትዮጵያ በዚህ መዝገብ ኢ.ቲ. በሚሉት ሁለት ፊደላት የተመዘገበችው ኦክቶበር 15 ቀን 1995፣ ፖስቴል መዝገቡን በሚይዙበት ዘመን ነው። አደራውም ለአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። በዚህ ስም የሚጨርስ አድራሻ የጻፈ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ከማሪና ዴል ሬዩ መዝገብ ጋር ተገናኝቷል።

በሕይወታቸው ከሁሉ ይበልጥ አከራካሪ የሆነው ድርጊት የተፈጸመው በመጨረሻው ዓመታቸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት የንግድ መድረክ ሲሆን፣ ቀድሞ ማንም የማይሻማው መዝገብ ገንዘብና ሥልጣን ያለበት ሆነ። የስሞቹ ዋና መዝገብ በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር የአሜሪካን መንግሥት፣ የንግድ ድርጅቶችንና መሐንዲሶቹን አፋጠጠ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል ዋናውን መዝገብ ገልብጠው ከሚይዙት 12 ኮምፒዩተሮች መካከል ለስምንቱ ኃላፊዎች ኢሜይል ጽፈው፣ ቅጂውን ከተለመደው ምንጭ ትተው ከእሳቸው ኮምፒዩተር እንዲወስዱ ጠየቁ። ስምንቱም እሺ አሉ። ለተጠቃሚው የታወቀ ለውጥ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የመረቡ የስም መዝገብ ለሁለት ተከፈለ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አማካሪ የነበሩት አይራ ማጋዚነር ወደ ቀድሞው እንዲመለስ አጥብቀው ስላሳሰቧቸው፣ ፖስቴል ድርጊቱን ፈተና ብለው ገልጸው በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ መለሱት።

ይህን ድርጊት አንዳንዶች ያልተሰጣቸውን ሥልጣን እንደ መንጠቅ፣ ሌሎች አደራ ጠባቂው ለአደራው ያሰማው የመጨረሻ ድምፅ አድርገው አይተውታል። በሌላው ላይ እጅግ ቻይ የነበሩት ሰው በራሳቸው ላይ ያኖሩትን ልጓም ያን ቀን አላልተው ነበር ማለት ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ዓለምን የሚያገናኝ መዝገብ በአንድ ሰው መልካም ጠባይ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ፣ ያ ሰው ቢሳሳት ወይም ቢያርፍ ምን ይሆናል? ጥያቄው በራሳቸው በፖስቴልም ዘንድ የታወቀ ስለ ነበር በዚያው ዓመት አይካን የተባለውን ድርጅት በማቋቋም ደከሙ፤ ድርጅቱም በሴፕቴምበር መጨረሻ በሕግ ተመሠረተ። ከሁለት ሳምንት ጥቂት በላይ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1998፣ ፖስቴል የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በማገገም ላይ ሳሉ በሎስ አንጀለስ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 55 ዓመት ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ቪንተን ሰርፍ የጻፉት የሐዘን ማስታወሻ በማግስቱ በዚያው እሳቸው በሚያዘጋጁት ተከታታይ ውስጥ ወጣ፤ ቁጥሩም 2468 ነው። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ የኢንተርኔት ማኅበር በስማቸው የአገልግሎት ሽልማት ይሰጣል።

ሰውየው ካረፉ በኋላ ሕጋቸው ሌላ ዕድል ገጠመው። ሁለት ክፍል ያላት ምክር ስለ ነበረች፣ ብዙዎች ቀላሉን ክፍል ይዘው ከባዱን ጣሉት። በ1990ዎቹ የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራሞች የተሳሳተ ጽሑፍ ሲመጣላቸው እየገመቱ ያቃኑት ነበር። ጸሐፊውም ገጹ በዓይኑ ደኅና ስለ ታየው ስሕተቱን ሳያውቅ ቀረ። ግምቱ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ፣ በአንዱ ላይ የሚያምር ገጽ በሌላው ላይ ይፈርስ ጀመር። አዲስ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ከደንቡ ሌላ የቀደሙትን ስሕተት መኮረጅ ግድ ሆነበት። ከዚህም የባሰው፣ ክፉ አሳቢ ሰው በሁለት ፕሮግራሞች ግምት መካከል ያለችውን ልዩነት መግቢያ በር ሊያደርጋት መቻሉ ነው።

ማስጠንቀቂያው ግን ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በኦክቶበር 1989 የፖስቴል ባልደረባ ሮበርት ብሬደን ያዘጋጁት ሰነድ ምክሪቱን ደግሞ፣ ፕሮግራም በመረቡ ላይ ክፉ ዓላማ ያለው ላኪ እንደሚኖር አስቦ መሠራት እንዳለበት አብራራ። በጁን 2023 የወጣ ሌላ ሰነድ ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄዶ፣ ስሕተትን ዝም ብሎ መቀበል ደንብን ቀስ በቀስ እንደሚያበላሽ፣ መድኃኒቱም ደንቡን ሳይሰለቹ መጠገን መሆኑን አስረድቷል። ይህ ሁሉ የፖስቴልን ሕግ የሚሽር ሊመስል ይችላል። በእርግጥ የተሻረው ግማሹ ሕግ ነው፤ መቻል ያለ ጥንቃቄ።

ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ ከጀመረ በኋላ፣ የጋራ ደንብ ከመውጣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሠሪ ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ በራሱ ቅደም ተከተል ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም ወደሌለበት ሌላ ቢሮ ሲላክ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይገኛል። ተቀባዩ የቱንም ያህል ቻይ ቢሆን የሚያነበው ነገር አልነበረውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከላኪው ወገን የጋራ ደንብ አለመኖሩ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ከ300 በላይ የግዕዝ ፊደል ምልክቶችን መዝግቦ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ሲሰጥ፣ ፖስቴል ለመረቡ የሠሩት ዓይነት መዝገብ ለፊደላችንም ተከፈተለት ማለት ነው።

መዝገቡ ተከፈተ እንጂ ጥንቃቄው አልተፈጸመም። ብዙ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ መዝጋት ሲገባው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ዐረፍተ ነገሩ አልተዘጋም። ቀን ይጻፋል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አይገለጽም። ሰዓት ይጻፋል፤ በሐበሻ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር አይታወቅም። እነዚህ የላኪ ጥፋቶች ናቸው፤ ፕሮግራም የሚሠራው ሰው ሊያስቀራቸው ይችላል።

የተቀባይ ጥፋትም አለ። ሣህሉ ተብሎ በንጉሡ ሠ የተጻፈ ስም ሳህሉ ተብሎ በእሳቱ ሰ ሲፈለግ አልተገኘም የሚል ፕሮግራም፣ ባለጉዳዩን በማያውቀው ጥፋት ይቀጣዋል። ሰውየው ስሙን የጻፈበት ሆሄ ሳይነካ ተጠብቆ፣ ፍለጋው ግን ሞክሼዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ቢያይ ሕጉ በሁለት እግሩ ቆመ ማለት ነው። እንዲሁም የፊደል ሠንጠረዡን በአማርኛ ብቻ የወሰነ ፕሮግራም፣ በአገው ቋንቋዎች በአፍንጫ ለሚነገረው ድምፅ የምታገለግለውን ጘን ሲያገኝ ስሕተት ነው ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ጘ በዩኒኮድ መዝገብ ከ1999 ጀምሮ ቁጥር አላት። ስለዚህ በጋዝጊብላ ወይም በሰቆጣ ስሙን በኽምጣና ሊያስመዘግብ የመጣ ሰው ቢመለስ፣ የተሳሳተው እሱ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ሠሪው ያልሰማው ቋንቋ ሁሉ የለም ብሎ ደምድሟል።

ዶክተር ፖስቴል የሀብት ድርጅት አላቋቋሙም፤ በስማቸው የሚሸጥ መሣሪያም አልተዉም። የተዉት በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብና ጥቂት መስመር ያላት አንዲት ምክር ነው። ምክሪቱ በሁለት ክፍሏ ከተያዘች ዛሬም ሥራ አላት፤ ሥራዋም የሚጀምረው እያንዳንዱ ባለሙያ በዕለቱ ወደ ሌላ ሰው ከሚልከው ነገር ነው።